መጀመሪያ ያየ ሰው ይናገር
ዱባይ፣ ሚርዲፍ ውስጥ ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን የቀረበ ዲስኩር



በሳምንት አንዴ የምታገኙትን ዕረፍት ሠውታችሁ ከዚሁ ከሚርዲፍም፣ ከሻርጃና ከአጅማንም ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። የዕረፍት ቀን ልብስ የሚታጠብበት፣ ብር የሚላክበት፣ ከእናት ጋር በስልክ የሚሳቅበትና የሚለቀስበት ቀን እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ ሳልዞር ወደ ጉዳዩ እገባለሁ።

የነርቭ ሐኪም ነኝ። እግሩ የተሰበረ ሰው ስብራቱን ይዞ ሐኪም ዘንድ ይመጣል፤ ራጅ ይነሣል፣ ይታያል። የአንጎል በሽታ ግን ብዙ ጊዜ መጥቶ የሚሄድ ነው። ሰውየው ወድቆ ይንቀጠቀጣል፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ ቁጭ ብሎ ያወራል። ምን ሆነህ ነበር ብንለው አያውቀውም። አጠገቡ የነበረው ሰው ያየውን ካልነገረን ውድ የሆነው መሣሪያ ሁሉ ቢደረደር ብዙም አይረዳንም።

እዚህ ሚርዲፍ ውስጥ ያ አጠገብ የሚገኝ ሰው ማነው? ጠዋት የቤቱ አባወራ ወደ ሥራ ይወጣል፤ ማዳምም ትወጣለች፤ ትልልቆቹ ልጆች ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ቪላው ውስጥ የሚቀሩት ሕፃኑ፣ አሮጊቷ እናትና እናንተ ናችሁ። የአሮጊቷ አፍ ሲጣመም መጀመሪያ የምታየው ኢትዮጵያዊቷ ናት። ሕፃኑ በትኩሳት ሲንቀጠቀጥ የሚገኘው በእርሷ እቅፍ ነው። ከእናንተ አንዷ ስትወድቅም የምታያት በዚያው ክፍል የምታድረው ጓደኛዋ ናት። ዛሬ የምለምናችሁ ሁለት ነገር ነው፤ ያያችሁትን ተናገሩ፣ ሰዓቱን ያዙ።

ከሚጥል በሽታ ልጀምር፤ ከሁሉ አብዝተን የምንደብቀው እርሱን ነውና።

ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ገጠር ቤት ለቤት እየዞሩ 60,820 ሰዎች የሚኖሩበትን አካባቢ አጠኑ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1990 ታተመ። ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ የሚጥል በሽታ ነበረባቸው። ይህ ከሌላው ዓለም እጅግ የራቀ ቁጥር አይደለም። እኔን እስከ ዛሬ የሚያሳዝነኝ ሌላው ነው፤ ከእነዚያ ሰዎች መካከል እውነተኛውን መድኃኒት ቀምሰው የሚያውቁት ከ100 ሁለት እንኳ አልሞሉም። ሲጥላቸው እሳት ላይ ወድቀው የተቃጠሉም ነበሩ። ሰዎች ለምን ፈጥነው አላነሷቸውም ብትሉ፣ በሽታው በለሃጭና በንክኪ ይተላለፋል የሚል እምነት ስለነበረ ነው። ይህ እምነት ዛሬም አልጠፋም። እኔ ግን በፊታችሁ ቆሜ አረጋግጥላችኋለሁ፤ የሚጥል በሽታ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የወደቀውን ሰው ቅረቡት፣ ንኩት፣ አፉን ጥረጉለት። ምንም አትሆኑም።

በሽታው ምንድን ነው? አንጎላችን የሚሠራው ሴሎቹ እርስ በርስ በሚለዋወጡት ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ነው። ምልክቱ በአንድ ጊዜ በብዛት ሲፈነዳ ሰውነት ይገተራል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ወይም ሰውየው ፈዞ ይቀራል። መነሻው በወሊድ ጊዜ አየር ማጠር፣ ማጅራት ገትር፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ ስትሮክ፣ የአንጎል እጢ ወይም በዘር የወረደ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱ የማይታወቅበትም ብዙ ነው። ደግሞ ሁሉም አይጥልም። ለአንድ ደቂቃ ያህል ዓይኗን አፍጥጣ፣ አፏን እያላመጠች፣ የቀሚሷን ጫፍ እየነካካች ስትጠራ የማትሰማ ሴት አይታችሁ ይሆናል። ማዳም "ሰነፍ ናት፣ ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነው" ትላት ይሆናል። ይህም ያው በሽታ ሊሆን ይችላል።

ሰው ሲጥለው ካያችሁ መጀመሪያ የስልካችሁን ሰዓት ተመልከቱ። የጋለ ካውያ፣ ምጣድ፣ ብርጭቆ ካጠገቡ አርቁ። ከራሱ ሥር ነጠላም ሆነ ሻርፕ እጠፉለት። መንቀጥቀጡ ሲረግብ በጎኑ አስተኙት፤ ለሃጩ ወደ ውጭ ይፍሰስ። እጅና እግሩን በጉልበት አትያዙ፤ አጥንት ይሰበራል። አፉ ውስጥ ማንኪያም፣ ጣትም፣ ውኃም አትክተቱ፤ ሰው ምላሱን አይውጥም፣ ጥርሱ ግን ይሰበራል፣ ጣታችሁም ይነከሳል። ክብሪት ጭራችሁ አታስሸትቱት። አብዛኛው መንቀጥቀጥ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ባለው ጊዜ በራሱ ይቆማል፤ ክብሪቱ ተፈልጎ፣ ተጭሮ፣ አፍንጫው ሥር እስኪደርስ ያ ጊዜ አልፏል። ክብሪት ያዳነ የሚመስለን ለዚህ ነው።

አምስት ደቂቃ ካለፈው፣ ሳይነቃ ዳግመኛ ከጀመረው፣ ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ውኃ ውስጥ ከሆነ፣ ከተጎዳ፣ ወይም የመጀመሪያው ጊዜ ከሆነ 998 ደውሉ፤ የአምቡላንስ ቁጥር ነው። ሌላ ሰው ካለ በስልኩ ቪዲዮ ይቅረጽ። ነውር አይደለም፤ ለማኅበራዊ ሚዲያ ሳይሆን ለሐኪም ነው፤ ሐኪሙ ካየው በኋላ አጥፉት። የ40 ሰከንድ ቪዲዮ አንድ ገጽ ከሚሞላ የምርመራ ወረቀት ይልቅ የረዳኝ ብዙ ጊዜ ነው።

የወደቀ ሁሉ የሚጥል በሽታ አለበት ማለት አይደለም። በሙቀት ቆማ ስትተኩስ የቆየች፣ ምሳ ያልበላች ሴት ፊቷ ገርጥቶ፣ ዓይኗ ጨልሞባት፣ ተዝለፍልፋ ብትወድቅና ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ነቅታ የት እንዳለች ብታውቅ ራሷን ስታ ነው። ራስን ስቶም ጥቂት መንቀጥቀጥ አለ። በድንገት ጮኻ፣ እንደ እንጨት ደርቃ ወድቃ፣ ምላሷን በጎን በኩል ነክሳ፣ ሽንት አምልጧት፣ ከነቃችም በኋላ ለረጅም ጊዜ ግራ ከገባት ወደሚጥል በሽታ እናዘነብላለን። ይህን ልዩነት የሚነግረን ያየው ሰው ነው። የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚለካው ኢኢጂ በብዙ ታማሚዎች ላይ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል፤ ኤምአርአይም እንዲሁ። "ምርመራው ምንም የለም አለ፣ ስለዚህ በሽታው የመንፈስ ነው" ብላችሁ ያቆማችሁ ካላችሁ ተመለሱ።

አሁን ስለ መድኃኒቱ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በትክክል ከታከሙት ከ100 እስከ 70 የሚሆኑት ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። አገር ቤት በብዛት የሚታዘዘው ፌኖባርቢታል ነው፤ ርካሽ ነው፣ ለብዙዎችም ሠርቷል። እዚህ ላይ ግን ሕይወትን የሚነካ ነገር አለና አስተውሉኝ። ፌኖባርቢታል በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው መድኃኒቶች አንዱ ነው። ዳያዜፓም፣ ክሎናዜፓም፣ ትራማዶልና ኮዴይንም እንዲሁ። ያለ ፈቃድ ይዞ መግባት በሕግ ያስጠይቃል። ከመሳፈር በፊት የሐኪም ማዘዣና የሕክምና ማስረጃ አያይዞ በኢንተርኔት የሚጠየቅ ፈቃድ አለ። እኅታችሁ ወይም የአጎታችሁ ልጅ ልትመጣ ከሆነ ይህን አሁኑኑ ንገሯት።

ይህን ያላወቀች ልጅ የምታደርገውን አውቃለሁ። ቦሌ ላይ "ይይዙኛል" ብላ ብልቃጡን ትጥለዋለች፤ ወይም ያመጣችው በሁለት ወር ያልቅባትና ዝም ትላለች። ፌኖባርቢታልን በድንገት ማቆም ከበሽታው ይብሳል፤ የማያቋርጥ መንቀጥቀጥ ሊያስከትል፣ ሊገድልም ይችላል። መለወጥ የሚቻለው በሐኪም እጅ፣ አንዱን እየቀነሱ ሌላውን እየጨመሩ ነው። እዚህ ካርባማዜፒን፣ ሌቬቲራሴታምና ሌሎችም በማዘዣ ይገኛሉ።

ሴቶች ሆይ፣ ቫልፕሮኤት የሚባለው መድኃኒት በማሕፀን ባለ ልጅ ላይ የአካልና የአእምሮ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ለመውለድ የምታስቡ ከሆነ ከማርገዛችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ፤ ካረገዛችሁም በራሳችሁ ፈቃድ በድንገት አታቁሙት። ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን ደግሞ የወሊድ መከላከያ እንክብልንና ክንድ ላይ ከቆዳ ሥር የሚቀበረውን መከላከያ ያዳክማሉ። ይህን ሳይነገራቸው ያረገዙ ብዙ ሴቶች አሉ፤ ጥፋቱ የእነርሱ አልነበረም።

ጸበልን በተመለከተ ሁሌም እጠየቃለሁ። እምነታችሁን ልነካ አልመጣሁም። ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ አስተምረዋል። ለሚጥል በሽታም ከዚህ የተለየ ምክር የለኝም። እንክብሉን በጸበል ዋጡት፤ አትተዉት።

"ካወቁ ይመልሱኛል" የሚለው ፍርሃትስ? ፍርሃቱ ከንቱ ነው አልልም። ለመኖሪያ ፈቃድ የሚደረገው ምርመራ እንደ ኤችአይቪና የሳንባ ነቀርሳ ያሉ ተላላፊ በሽታዎችን የሚፈልግ ነው፤ የሚጥል በሽታ ተላላፊ አይደለም። ቢሆንም ሁሉም አሠሪ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ለማን፣ መቼ እንደምትነግሩ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። እኔ የምጠይቀው ቢያንስ አንድ ሰው እንዲያውቅ ነው። ማንም የማያውቅባት ሴት የመታጠቢያ ቤቱን በር ቆልፋ ውስጥ ትወድቃለች። በሩን አትቆልፉ። ከኋላ ባለው ምድጃ አብስሉ፤ የድስቱን እጀታ ወደ ውስጥ አዙሩ። በመዋኛ ገንዳ ዳር ብቻችሁን አትሥሩ፤ የላይኛውን ፎቅ መስኮት በውጭ በኩል አትወልውሉ። ከሁሉም በላይ ተኙ። እንቅልፍ ማጣት በሽታውን ይጠራዋል፤ በረመዳን እስከ ሱሑር በሚሠራበት ቤት ያሉት ይህን በደንብ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 9 በቀን 12 ሰዓት ዕረፍት፣ ከዚያም ውስጥ ቢያንስ 8 ሰዓት የማይቋረጥ እንዲሆን ይደነግጋል። ይህ ዕረፍት ለእናንተ ሕክምናም ነው።

ፍርሃቱን አሸንፈው የተናገሩም አሉ፤ እናት የውነቱ የምትባለውን ብዙዎቻችሁ በቴሌቪዥን አይታችኋት ይሆናል። ራሷ ከዚህ ሕመም ጋር የምትኖር፣ ኬር ኤፒለፕሲ ኢትዮጵያን የመሠረተች ሴት ናት። በአደባባይ ፊቷን ሳትሸፍን ስለ ሕመሟ በመናገሯ ለታማሚዎች ያደረገችው እኛ ሐኪሞች በክፍላችን ተቀምጠን ልናደርገው የማንችለውን ነው።

ሌላም አለ፣ ከሚጥል በሽታ ጋር የሚምታታ። ከአቅም በላይ ጭንቀት የደረሰባት፣ ደሞዟ የተያዘባት፣ የተዋረደች ወይም የተነካች ሴት ትወድቅና ትንቀጠቀጣለች፤ ዓይኗ ተጨፍኖ ጭንቅላቷ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፣ ረጅም ጊዜም ይቆያል። አንዳንድ ሰው "አውቃ ነው" ይላል። ሌላው ዛር ነው ይላል። እውነተኛ ሕመም ነው፤ አስመስላ አይደለም፤ ሕክምናው ግን የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሳይሆን የተሰማትን የምትናገርበት ሰው፣ የሥነ ልቦና ሕክምናና ከደረሰባት ነገር መራቅ ነው። እንዲህ ባለችው እኅት አትሳቁባት።

ሕፃን ለምታሳድጉት ደግሞ። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ ያሉ ልጆች ትኩሳት ሲይዛቸው ሊንቀጠቀጡ ይችላሉ። ከ100 ልጆች ከ2 እስከ 5 የሚሆኑትን ያጋጥማል። ሲያዩት ነፍስ ያስወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን በአጭሩ ያልፋል፣ ልጁንም አይጎዳውም። በጎኑ አስተኙት፣ ሰዓት ያዙ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አትንከሩት፣ ወዲያው ሐኪም ይየው። ልጁ ከአልጋ ወይም ከደረጃ ወድቆ ጭንቅላቱን ከመታ ደግሞ "ትገድለኛለች" ብላችሁ አትደብቁ። ደጋግሞ ካስመለሰ፣ ካንቀላፋ፣ ግራ ከገባው፣ ከጆሮው ወይም ከአፍንጫው ውኃ የመሰለ ነገር ከፈሰሰ አንጎሉ ውስጥ እየደማ ሊሆን ይችላል። ይህ በጊዜ ከተነገረ በቀዶ ሕክምና ሊድን ይችላል። ከተደበቀ ልጁም ሊሞት ይችላል፣ እናንተም ሳታጠፉ በጥፋተኝነት ትጠየቃላችሁ።

አሁን ወደ ስትሮክ። የቤቱ አሮጊት እናት የቡና ፍንጃል ይዘው ተቀምጠዋል እንበል። ፍንጃሉ ከእጃቸው ይወድቃል። "ምን ሆኑ?" ስትሏቸው አንደበታቸው ይተሳሰራል። አፋቸው ወደ አንድ ወገን ሄዷል። ሦስት ነገር አድርጉ፤ ፈገግ እንዲሉ ጠይቁ፣ ሁለቱን እጆቻቸውን ከፍ አድርገው እንዲይዙ ጠይቁ፣ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር እንዲደግሙ ጠይቁ። ፊት ከተጣመመ፣ አንዱ እጅ ከወረደ፣ ንግግር ከተንተባተበ አንዱም በቂ ነው። መጀመሪያ 998፣ ቀጥሎ ለማዳም። "ጀልጣ" የሚለውን የዓረብኛ ቃል ካላችሁ ነገሩ ይገባታል።

ለምን ይህ ሁሉ ጥድፊያ? የደም ሥር ተዘግቶ ስትሮክ ሲከሰት በእያንዳንዷ ደቂቃ 1.9 ሚሊዮን ያህል የአንጎል ሴሎች ይሞታሉ። የረጋውን ደም የሚያቀልጠው መርፌ የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ለተመረጡ ታማሚዎች የረጋውን ደም በቀጭን ቱቦ ከደም ሥር ማውጣት እስከ 24 ሰዓት ድረስ ይቻላል። ይህ በየክሊኒኩ የለም፤ እንደ ራሺድ ሆስፒታል ባሉ ትላልቅ ቦታዎች ነው። ስለዚህ በታክሲ ወደ ቅርብ ክሊኒክ አትውሰዷቸው፤ አምቡላንሱ የት እንደሚያደርስ ያውቃል።

አንድ አደራ አለኝ፣ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ብቻ የሚነገር። ሐኪሙ "ለመጨረሻ ጊዜ ደኅና ሆነው ያየሻቸው ስንት ሰዓት ነበር?" ይላል። እናንተ በለመዳችሁት "ሦስት ሰዓት" ትላላችሁ፣ የጠዋቱን ማለታችሁ ነው። እርሱ የሚሰማው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። አሁን አራት ሰዓት ጠዋት ከሆነ በእናንተ አንድ ሰዓት ያለፈው ስትሮክ በእርሱ ሰባት ሰዓት አለፈው። መርፌው ይቀራል። የስልካችሁን ሰዓት እያሳያችሁ ንገሩ፤ ወይም በቁጥር ጽፋችሁ ስጡ። 9:00 ብላችሁ።

አምቡላንሱ እስኪመጣ ድረስ ውኃም ምግብም አትስጧቸው፤ መዋጥ አቅቷቸው ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። አስፕሪን አትስጡ፤ ስትሮክ መዘጋትም መድማትም ሊሆን ይችላልና፣ ይህን የሚለየው ሲቲ ስካን ነው። የራሳችሁን የደም ግፊት እንክብል አታካፍሉ።

ስትሮክ የሽማግሌ ብቻ አይደለም። ዋናው አምጪው ደም ግፊት ነው፤ ደም ግፊት ደግሞ አያምም። 30 ዓመት ያለፋችሁ ሁሉ ተለኩ። መድኃኒት ተጀምሮላችሁ "ተሻለኝ" ብላችሁ ያቆማችሁ ዛሬውኑ ቀጥሉ፤ የተሻላችሁ ስለወሰዳችሁት ነው።

ፊት መጣመም ሁሉ ግን ስትሮክ አይደለም። ጠዋት ስትነሡ የፊታችሁ አንድ ወገን ከግንባር እስከ አገጭ ሙሉ ለሙሉ ካልታዘዘ፣ ግንባራችሁን መኮሳተር ካቃታችሁ፣ ዓይናችሁ ካልተከደነ፣ እጅና እግር ግን ደኅና ከሆነ የፊት ነርቭ መቆጣት ሊሆን ይችላል። እኛ ምች መታው የምንለው ነው። ዳማከሴ መታሸት አይጎዳችሁ ይሆናል፤ የሚረዳው ስቴሮይድ ግን በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ዓይኑን ማታ በሚቀባ መድኃኒትና በፋሻ ጠብቁት። የትኛው እንደሆነ ከተጠራጠራችሁ እንደ ስትሮክ ቁጠሩት፤ ተሳስቶ መደወል አያሳፍርም።

ራስ ምታት። እዚህ ካላችሁት መካከል ቦርሳዋ ውስጥ ፓናዶል ያልያዘች ብትኖር ይገርመኛል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የኢትዮጵያ ጥናት በአንድ ዓመት ውስጥ ከ100 አዋቂዎች ወደ 18 የሚጠጉት ማይግሬን እንደሚይዛቸው አሳይቷል። ማይግሬን በአብዛኛው በአንድ ወገን እንደ ልብ ምት የሚመታ፣ ብርሃንና ጫጫታ የሚያስጠላ፣ የሚያቅለሸልሽ፣ ከሰዓታት እስከ ሦስት ቀን የሚቆይ ነው። እንቅልፍ ማጣት፣ መራብ፣ የወር አበባና ውኃ ጥም ያነሣሡታል። ቡና ለለመደች ሰው በጾም ቀን ቡናው ሲቀርም ያው ራስ ምታት ይነሣል። በዱባይ በጋ ከቀዝቃዛ ቤት ወደ 45 ዲግሪ፣ ከ45 ዲግሪ ወደ ቀዝቃዛ ቤት ሲመላለሱ መዋልም ቀላል አይደለም።

ከባዱ ነገር እንክብሉ ራሱ በሽታ መሆኑ ነው። ፓናዶል ወይም ኢቡፕሮፌን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ካፌይን የተቀላቀለባቸውን ወይም ኮዴይን ያለባቸውን ደግሞ በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ ለሦስት ወር የወሰደች ሰው ራስ ምታቷ በየቀኑ የሚመጣ ሊሆን ይችላል። ትወስዳለች፣ ይተዋታል፣ ይመለሳል፣ ትወስዳለች። መውጫው ማቆም ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከፋሉ፣ ከዚያ ይቀላል። በወር ከአራት ቀን በላይ ለሚያማቸው እንደ ፕሮፕራኖሎልና አሚትሪፕቲሊን ያሉ አስቀድመው የሚከላከሉ መድኃኒቶች አሉ፤ አንዳቸውም አዲስ ወይም ውድ አይደሉም። ራስ ምታቱ ከመጀመሩ በፊት ዓይናችሁ ላይ ብልጭታ ወይም ዚግዛግ መስመር የሚታያችሁ ሴቶች ኤስትሮጅን ያለበትን የወሊድ መከላከያ አትውሰዱ፤ የስትሮክ አደጋን ይጨምራል። በሕይወታችሁ አይታችሁት የማታውቁት፣ በሰከንዶች ውስጥ ጣሪያ የነካ ራስ ምታት፣ ወይም ትኩሳትና አንገት መድረቅ ያለበት፣ ወይም ከወሊድ በኋላ ድንገት የመጣ ከሆነ በፓናዶል አይመለስም፤ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

እጅ መደንዘዝን በአጭሩ። ቀኑን ሙሉ ጨርቅ ስትጨምቁ፣ ስትወለውሉ፣ ስትተኩሱ ውላችሁ ሌሊት አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና መካከለኛው ጣት ደንዝዘው እጃችሁን እያራገፋችሁ የምትነቁ ከሆነ የእጅ አንጓ ላይ ነርቭ ተጨንቋል። ማታ ማታ አንጓውን ቀጥ የሚያደርግ ድጋፍ ከፋርማሲ ገዝታችሁ አሥራችሁ ተኙ፤ ካልተሻለና አውራ ጣት ሥር ያለው ሥጋ መሟሸሽ ከጀመረ ቀላል ቀዶ ሕክምና አለው። ሁለቱም እግር ከጣት ጀምሮ ከደነዘዘ ስኳራችሁንና ቫይታሚን ቢ12 ተመርመሩ። የወገብ ዲስክ ያለባችሁ ደግሞ ሽንት መቆጣጠር ካቃታችሁ ወይም መቀመጫችሁ አካባቢ ከደነዘዘ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለባችሁ።

ሽማግሌ የምታስታምሙ፣ ትናንት ደኅና የነበሩት ሰውዬ ዛሬ ድንገት ከዘባረቁ "እርጅና ነው" ብላችሁ አትለፉት። መርሳት የሚያመጣ በሽታ በወራትና በዓመታት ነው የሚመጣው። በአንድ ቀን የመጣ መዘባረቅ የሽንት ኢንፌክሽን፣ ውኃ ማነስ፣ አዲስ መድኃኒት ወይም ስትሮክ ሊሆን ይችላል፤ ብዙውም ይድናል። ፓርኪንሰን ላለባቸው መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ስጡ፤ የግማሽ ሰዓት መዘግየት እንኳ እግራቸውን ሊያስረው ይችላል።

ገንዘቡስ? ዱባይ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2013ቱ ሕግ ቁጥር 11 ጀምሮ የጤና መድን ግዴታ ነው፤ የሚከፍለውም አሠሪው ነው። በሻርጃና በአጅማን እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ለቤት ሠራተኞችም ግዴታ ሆኗል፤ መሠረታዊው መድን በዓመት ከ320 ድርሃም ይጀምራል። መድኑ ከደሞዛችሁ ሊቆረጥ አይገባም። መድን እንዳላችሁ የማታውቁ ከሆነ አሠሪያችሁን ጠይቁ። ሐኪም ካረጋገጠም በዓመት እስከ 30 ቀን የሕመም ፈቃድ የቤት ሠራተኞች ሕጉ ይሰጣችኋል፤ የመጀመሪያው 15 ቀን በሙሉ ደሞዝ ነው።

ከዚህ ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር እንድታደርጉልኝ እለምናችኋለሁ። ስልካችሁን አውጡ። 998ን መዝግቡ። የምትወስዱት መድኃኒት ካለ ስሙንና መጠኑን፣ ማሸጊያውንም ፎቶ አንሥታችሁ፣ አጠገባችሁ ላለችው ለአንዲቷ እኅታችሁ ላኩላት። መድኃኒት ያቋረጣችሁ፣ ወይም ማንም ሳያውቅ የምትወድቁ ካላችሁ ሰው እስኪወጣ ጠብቁና አነጋግሩኝ፤ እኔ እስከ መጨረሻዋ ሰው ድረስ እዚሁ ነኝ።